ከዓሣ ቆዳ ኮላጅን ማውጣት፦ አሲድ፣ ፔፕሲን፣ ሙቅ ውሃ ወይስ ኢንዛይም? ጅማ ላይ ሆኖ ለመምረጥ

በ«ኮላጅን» ስም የሚጠሩት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ሦስቱ የፕሮቲን ክሮች እንደ ገመድ እርስ በርስ እንደተገመዱ፣ በቆዳው ውስጥ እንደነበረ የወጣው ኮላጅን ነው። ሁለተኛው ሙቀት ግምዱን የፈታው ጀላቲን ነው። ሦስተኛው ክሮቹ በኢንዛይም የተቆራረጡበት ፔፕታይድ ነው። ሦስቱም ከአንድ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ቆዳ ይወጣሉ፤ ዋጋቸው፣ አገልግሎታቸውና የሚጠይቁት መሣሪያ ግን ለየቅል ነው። ብዙ ሥራ የሚበላሸው ዘዴው ስለከበደ አይደለም። ከሦስቱ የትኛው እንደሚፈለግ ሳይወሰን ቆዳው ስለሚነከር ነው።

ይህ መመሪያ የመመረቂያ ሥራውን ለሚጀምር ተማሪ፣ ለላቦራቶሪ ኃላፊ፣ እንዲሁም የሚጣለውን የዓሣ ቆዳ ወደ ምርት ለመቀየር ለሚያስብ ማኅበር ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው ጥያቄ ግምዱ ይቆይ ወይስ ይፈታ የሚለው ነው። የቆሮሶ ቆዳ ኮላጅን ግምዱ የሚፈታው ከ32 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖረው ኮድ የተባለው ዓሣ ኮላጅን 15 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈታል፤ የአሳማው ደግሞ 37 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይቋቋማል። ልዩነቱን የሚያመጣው በአብዛኛው ሃይድሮክሲፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ነው፤ ሞቅ ባለ ውሃ የኖረ ዓሣ ይበልጥ አለው። የእኛ ሐይቆች ዓሣ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው። ይሁንና «እስከ 32 ከቻለ ክፍሉ ውስጥ ባስቀምጠውስ» ማለት አያዋጣም። ሥራው ቀናት ስለሚፈጅ በቆዳው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞችና ባክቴሪያዎች ክሮቹን ቀድመው ይበሏቸዋል። 4 ዲግሪ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የቅዝቃዜ ሰንሰለት ነው። ከአራቱ ዘዴዎች ሁለቱ ለቀናት የማይቋረጥ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ፍሪጁን ባዶ አትተዉት፤ በውሃ የተሞሉ የቀዘቀዙ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ደርድሩበት። ቅዝቃዜውን ለሰዓታት ይይዛሉ። ትንሹንና ትልቁን ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትርም ውስጡ ይቀመጥ። ሌሊት ምን እንደተፈጠረ ጠዋት የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ ነው፤ በተለይ ሴንትሪፊውጅ (በፍጥነት በማሽከርከር ድፍርሱን ከፈሳሹ የሚለይ ማሽን) እና ማድረቂያ። በጥናቶች ላይ የሚጻፈው «15,000 ወይም 20,000 ጂ» በመሬት ስበት እጥፍ የሚለካው የማሽከርከሪያው ኃይል እንጂ የደቂቃ ዙር አይደለም። ክንዱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴንትሪፊውጅ በደቂቃ 4,000 ዙር ሲሽከረከር የሚሰጠው 1,800 ጂ ገደማ ብቻ ነው፤ 10,000 ዙር ላይ 11,000 ጂ ይደርሳል። ሁለቱን ማምታታት ፈሳሹ ደፍርሶ የመቅረቱ የተለመደ ምክንያት ነው።

አራተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ምንጩ ተቀባይ መሆኑ ነው። የዓሣ ኮላጅን ትልቁ ጥቅሙ ከአሳማ ነፃ መሆኑ ነው። በጅማ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ይህን ይጠይቃል፣ መጠየቁም ተገቢ ነው። ለማውጫነት የሚያገለግለው ፔፕሲን ግን በብዛት የሚመረተው ከአሳማ ጨጓራ ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።

ቆዳው

ለጅማ ቅርቡ ምንጭ በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ የሚጠመደው ቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ቅርፊት አለው። ቅርፊቱ ካልሲየም ስለሚይዝ አንድም ሳይቀር መነሣት አለበት፤ ካልተነሣ አመድ የበዛበት ኮላጅን ይወጣል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ በምትኩ ሙልጭልጭ ልጋግና የበለጠ ስብ አለው። ስለዚህ ልጋጉ በቢላ ጀርባ ተጠርጎ ስብ የማውጣቱ እርምጃ በደንብ መከናወን አለበት። ለጀማሪ ቆሮሶ ይሻላል።

ቆዳውን ዓሣው እንደተገፈፈ በበረዶ ያዙት። ሥጋውን ጠርጋችሁ በ250 ግራም እያሸጋችሁ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች አስቀምጡ። በረዶ ከሆነ አንድ ትልቅ ጥቅል እየሰበሩ መውሰድ ቆዳውን ደጋግሞ ያቀልጠዋል። በጾም ወራት የዓሣ ገበያ ሲደራ ቆዳ በብዛት ይገኛል፤ የዓመት ፍጆታን ያኔ ማከማቸት ይቻላል።

ከሁሉም ዘዴ በፊት የሚሠራው ማጽዳት አንድ ነው፤ ለሚበላ ምርት ግን የቡታኖሉ እርምጃ ይቀራል። ቆዳው ግማሽ ሴንቲ ሜትር በግማሽ ሴንቲ ሜትር ይቆረጥ። ለ100 ግራም ቆዳ 1 ሊትር 0.1 ሞላር ኮስቲክ ሶዳ (4 ግራም በሊትር) ተጠቅማችሁ በ4 ዲግሪ ለ24 ሰዓት አቆዩት፤ ፈሳሹን በየ8 ሰዓቱ ቀይሩ። ይህ ኮላጅን ያልሆነውን ፕሮቲንና የቀለሙን ከፊል ያወጣል። «ቶሎ ይለቅልኝ» ብሎ ሶዳውን አምስት እጥፍ ማድረግ ወይም ከሰዓት በኋላ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ኮላጅኑንም አብሮ ያጠፋል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 7 አካባቢ እስኪሆን እጠቡት። በመቀጠል ለስቡ 10 በመቶ ቡታኖል፣ አሁንም አንድ እጅ ቆዳ በአሥር እጅ፣ ለ24 ሰዓት። እንደገና መታጠብ አለበት። ስቡ በደንብ ያልወጣ ቆዳ ከሳምንታት በኋላ የሻገተ የዓሣ ዘይት ሽታ ይሰጣል፤ ያን ሽታ በኋላ ማስወጣት ከባድ ነው።

የተጠቀማችሁበትን ሶዳና አሲድ እርስ በርስ አቻችላችሁ ፒኤቹን ወደ 7 ካመጣችሁ በኋላ ነው የምትደፉት። ከከተማዋ ቱቦ የሚወጣው ወደ አዌቱ ወንዝ ነው የሚሄደው። ቡታኖሉ ግን ለብቻው በጠርሙስ ይጠራቀም።

አማራጭ 1፦ በአሲድ

ለ100 ግራም የታጠበ ቆዳ ከ2 እስከ 3 ሊትር 0.5 ሞላር አሴቲክ አሲድ ያስፈልጋል። ከላቦራቶሪ ንጹሕ አሲድ ከሆነ 28.7 ሚሊ ሊትሩን አስቀድሞ በተቀዳ ውሃ ላይ ጨምራችሁ አንድ ሊትር ሙሉት፤ ሁልጊዜ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አትጨምሩ። ለመለማመጃ ሥራ የሱቅ አቼቶም ይበቃል፦ 5 በመቶ የተጻፈበት አቼቶ 0.83 ሞላር ስለሆነ 600 ሚሊ ሊትሩን በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ ማቅጠን 0.5 ሞላር ይሰጣል። ለምርመራ የሚሄድ ናሙና ላይ ግን ቀለም የገባበትን አቼቶ አትጠቀሙ።

በ4 ዲግሪ ለ48 እስከ 72 ሰዓት እያማሰሉ ማቆየት ነው። በመጀመሪያው ቀን ቆዳው አብጦ ጠርዙ ብርሃን ያሳልፋል፤ ፈሳሹም ወፍሮ ማግኔቲክ ማማሰያውን ሊያቆመው ይችላል። ያኔ ተጨማሪ ቀዝቃዛ አሲድ አክሉ እንጂ ማሞቂያውን አትንኩ። ማማሰያው ራሱ ሞተሩ ሲግል ከሥር ያሞቃል፤ በቢከሩና በማማሰያው መካከል ቀጭን ስፖንጅ ማኖር ይጠቅማል።

ፈሳሹን በድርብ ሻሽ አጥልሉና ጨው ጨምሩበት። ዓላማው 0.9 ሞላር ስለሆነ በሊትር 52.6 ግራም ነው፤ ለ2 ሊትር 105 ግራም። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ጨው በማንኪያ ጫፍ እየተነሰነሰ ሲገባ መጀመሪያ ምንም አይታይም። ግማሹ ያህል ከገባ በኋላ ፈሳሹ እንደ ቀጠነ አጥሚት ይደፈርሳል፤ ቀጥሎ በማማሰያው ዘንግ ላይ እንደተነደፈ ጥጥ ያሉ ነጫጭ ክሮች ይጠመጠማሉ። ጨው በአንዴ ከተደፋ ግን ክሮቹ ጨውና ቆሻሻ በውስጣቸው ይዘው ይጓጉላሉ፤ ያ ጓል በኋላ በዳያሊሲስም (ጨውን በስስ ከረጢት አሳልፎ ወደ ውጭው ውሃ በማስወጣት) አይለቅም። የተሰበሰበው ነገር በጣት ሲያዝ የሚለጠጥና የሚያጣብቅ ሆኖ ቶሎ ከቀለጠ፣ የሆነ ቦታ ሙቀት አምልጧል፤ የያዛችሁት በከፊል ጀላቲን ነው።

የተሰበሰበውን በሴንትሪፊውጅ ለዩ። በትንሽ 0.5 ሞላር አሲድ አሟሙታችሁ በዳያሊሲስ ከረጢት አስገቡ። መጀመሪያ ለአንድ ቀን በ0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ፣ ከዚያ ለሁለት ቀን በየጊዜው በሚቀየር የተጣራ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ጨው ማለቁን ለማረጋገጥ ከውጭው ውሃ ላይ ሁለት ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ጣሉ፤ ነጭ ደመና ካሳየ አልጨረሳችሁም። በፍሪዝ ድራየር (በረዶ አድርጎ አየር በሌለበት በሚያደርቅ ማሽን) ሲደርቅ ክብደት የሌለው ነጭ ስፖንጅ ይሆናል። ፍሪዝ ድራየር ከሌለ ፈሳሹን በሳህን ላይ ስስ አድርጎ አፍስሶ ሲሊካ ጄል ባለበት በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከ25 ዲግሪ በታች ማድረቅ ይቻላል፤ የሚገኘው ስፖንጅ ሳይሆን ገለባ የመሰለ ስስ ሽፋን ነው። ምጣድ ወይም ኦቨን ፈጽሞ አይሞከርም።

የዚህ ዘዴ ድክመቱ ምርቱ አነስተኛ መሆኑ ነው። በዕድሜ የገፋ ዓሣ ቆዳ ውስጥ ክሮቹ ጫፍ ለጫፍ በጥብቅ የተያያዙ በመሆናቸው ብዙው ሳይሟሟ ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል።

አማራጭ 2፦ በፔፕሲን

ፔፕሲን የሚያደርገው ይህን መያያዣ መቁረጥ ነው። የክሮቹን ጫፎች ይቆርጣል፣ የተገመደውን መሐል ግን አይነካም። ስለዚህ ምርቱ ይጨምራል፣ ግምዱም ይቆያል። አሠራሩ ከላይኛው ጋር አንድ ሆኖ በአሲዱ ውስጥ የቆዳውን ደረቅ ክብደት 1 በመቶ ያህል ፔፕሲን ይጨመራል። ጥሩው አካሄድ በአሲድ የሚወጣውን መጀመሪያ አውጥቶ፣ የቀረውን ዝቃጭ ለሌላ 48 ሰዓት በፔፕሲን መሥራት ነው፤ ከአንድ ቆዳ ሁለት ምርት ይገኛል። ሲያበቃ ፒኤቹን ወደ 8 ገደማ ከፍ በማድረግ ፔፕሲኑ እንዳይሠራ ይደረጋል። ይህን የዘለለ ሰው ኮላጅኑ በዳያሊሲስ ወቅት ቀስ እያለ ሲበላ ያገኘዋል።

ከአሳማ የተገኘ ፔፕሲን ለጥናት ብቻ ከሆነ ምንጩን በግልጽ ጽፎ መጠቀም ይቻላል። ለሽያጭ ከሆነ ግን «ከዓሣ ብቻ የተሠራ» ብሎ መጻፍ ገዢን ማሳሳት ነው፤ ፔፕሲኑ በኋላ ታጥቦ ወጣ ማለት ለሚጠነቀቀው ሰው መልስ አይሆንም። ከከብት ጨጓራ የተገኘ ፔፕሲን አለ፤ ከመግዛታችሁ በፊት የምንጭ ማረጋገጫ ወረቀቱን ጠይቁ። ካልተገኘ አማራጭ 1 ላይ መቆየት ይሻላል። የተገኘው ምርት አነስ ቢልም የሚነገርለት ነገር እውነት ይሆናል።

አማራጭ 3፦ በሙቅ ውሃ

ይህ ጀላቲን ነው። ለጄሊ፣ ለከረሜላ፣ ለካፕሱል፣ ለመጠጥ ማጥሪያ ጥሩ ነገር ነው፤ «ኮላጅን» ተብሎ መሸጥ ግን የለበትም። ቡታኖልም ለሚበላ ነገር አያስፈልግም፤ ስቡን ከላይ በመግፈፍ ማውጣት ይበቃል። ከሶዳው እጥበት በኋላ ቆዳው በቀዝቃዛ 0.05 ሞላር አሴቲክ አሲድ ለአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ይነከራል፣ በደንብ ይታጠባል፣ ከዚያ በክብደቱ አራት እጥፍ ውሃ በ50 ዲግሪ ለ6 ሰዓት ያህል ይቆያል። አጥልሎ በትሪ ላይ ስስ አድርጎ ከ50 ዲግሪ በታች ማድረቅ ነው። ሙቀቱን ወደ 80 መውሰድ ምርቱን ያበዛዋል፣ ክሮቹን ግን ስለሚያሳጥር ጄሊው ልፍስፍስ ይሆናል። የቆሮሶ ጀላቲን ከከብቱ በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይቀልጣል፤ በሞቃት ከሰዓት ያለ ፍሪጅ የሚቀመጥ ምርት ላይ ይህ ይታያል። ጥራቱ የሚለካው 6.67 በመቶ መፍትሔ በ10 ዲግሪ ለ16 እስከ 18 ሰዓት ከረጋ በኋላ በሚሰጠው ጥንካሬ ነው።

አማራጭ 4፦ በኢንዛይም የተቆራረጠ ፔፕታይድ

የሚጠጣውና በዱቄት የሚሸጠው ይህ ነው። ቆዳው በሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ውሃ ለ15 ደቂቃ በ85 ዲግሪ ይሞቃል፣ ወደ 55 ይበርዳል፣ ፒኤቹ ወደ 8 ይስተካከላል፣ ከፕሮቲኑ ክብደት 1 በመቶ የአልካላይን ፕሮቲዬዝ ኢንዛይም ገብቶ ለ3 ሰዓት ይቆያል። ሥራው በገፋ ቁጥር ፒኤቹ ስለሚወርድ በትንሽ በትንሹ ሶዳ መመለስ አለበት፤ ካልተመለሰ ኢንዛይሙ በግማሽ መንገድ ይደክማል።

ማቆሚያው ላይ የጅማ ከፍታ ይመጣል። አንዳንድ መመሪያ «በ95 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ» ይላል። ከተማዋ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በክፍት ዕቃ 95 አይደረስም። 90 ዲግሪ ላይ 20 ደቂቃ ማቆየት ያንን ይተካል፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ግን የፈሳሹ መሐል 90 ከደረሰ በኋላ ነው።

ከጥሬ ፓፓያ ወተት የሚገኘው ፓፔይንም በ60 ዲግሪና ፒኤች ከ6 እስከ 7 ይሠራል። ችግሩ ኃይሉ ከፍሬ ፍሬ መለያየቱ ነው። ከእያንዳንዱ ጥቅል ጥቂት ወስዳችሁ አንድ ዓይነት የላም ወተት በስንት ደቂቃ እንደሚያረጋ እየለካችሁ መጠኑን አስተካክሉ። የመጨረሻው ዱቄት እርጥበት ስለሚስብ በትሪ ላይ ሲደርቅ እንደ ማር ይጣበቃል፤ ለሽያጭ የሚሆን መጠን ያለ ስፕሬይ ድራየር (ፈሳሹን በሙቅ አየር ውስጥ እየረጨ የሚያደርቅ ማሽን) አይታሰብ።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | አሲድ | ፔፕሲን | ሙቅ ውሃ | ኢንዛይም |
|---|---|---|---|---|
| የሚገኘው | ግምዱ ያለ ኮላጅን | ግምዱ ያለ ኮላጅን | ጀላቲን | ፔፕታይድ |
| ከጽዳት በኋላ የሚፈጀው | 7–8 ቀን | 9–10 ቀን | 1–2 ቀን | 1–2 ቀን |
| የማይቋረጥ ቅዝቃዜ | ግድ | ግድ | ለጽዳቱ ብቻ | ለጽዳቱ ብቻ |
| ሴንትሪፊውጅ | ያስፈልጋል | ያስፈልጋል | በሻሽ ይተካል | በሻሽና በማጣሪያ ይተካል |
| ማድረቂያ | ፍሪዝ ድራየር | ፍሪዝ ድራየር | ሙቅ አየር | ስፕሬይ ድራየር |
| ምርት | አነስተኛ | የተሻለ | ከፍተኛ | ከሁሉም ከፍተኛ |
| የምንጭ ጥያቄ | የለም | ፔፕሲኑ ከምን? | የለም | ኢንዛይሙ ከምን? |
| ወጪ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | መካከለኛ፣ ማድረቂያው ውድ |

ምርት ስታወዳድሩ በምን ክብደት እንደተሰላ እዩ። 100 ግራም እርጥብ ቆዳ 70 በመቶው ውሃ ከሆነ ደረቁ 30 ግራም ነው። ከዚያ 6 ግራም ኮላጅን ቢወጣ በእርጥብ ክብደት 6 በመቶ፣ በደረቅ ክብደት 20 በመቶ ይባላል። ሥራው አንድ ነው፣ ቁጥሩ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ይራራቃል።

ያወጣችሁት ምን እንደሆነ የትኛው ምርመራ ይነግራችኋል?

እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ፕሮቲንን በጄል ላይ የሚለየውን ኤሌክትሮፎሬሲስ ለግምዱ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ነው። ናሙናው ጄሉ ላይ ከመጫኑ በፊት ስለሚፈላ ግምዱ እዚያው ይፈታል። ጄሉ የሚያሳየው የክሮቹን ዓይነት ነው፦ አልፋ 1 እና አልፋ 2 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምቀት፣ ከላያቸው ደግሞ ሁለት ክሮች የተጣመሩበት ቤታ። ይህ ኮላጅኑ «ዓይነት 1» የሚባለው፣ የቆዳው ዋና ኮላጅን መሆኑን ይደግፋል። በጥንቃቄ የተሠራ ጀላቲንም ተመሳሳይ መስመር ሊሰጥ ይችላል። 7.5 በመቶ ጄል ተጠቀሙ። ክሮቹ ከመለኪያው ፕሮቲኖች ዘግይተው ስለሚሄዱ ትክክለኛው ክብደታቸው 100 ኪሎዳልተን አካባቢ ሆኖ ሳለ 120 ገደማ ሆነው ቢታዩ አትደንግጡ።

የኢንፍራሬድ ምርመራ ርካሽና ፈጣን ነው። አማይድ የሚባሉት የፕሮቲን መስመሮች፣ አማይድ 1 በ1650 አካባቢ፣ አማይድ 2 በ1550፣ አማይድ 3 በ1240 (በሴንቲ ሜትር የሞገድ ቁጥር) ይታያሉ። የ1240ው ከፍታ ለ1450ው ሲካፈል ወደ 1 ከቀረበ ግምዱ አለ ማለት ነው፤ በጀላቲን ዝቅ ይላል። ናሙናው እርጥበት ከያዘ አማይድ 1 ላይ የውሃው መስመር ተደርቦ ያሳስታል። የግምዱን ቅርፅ በብርሃን የሚያሳየው ሰርኩላር ዳይክሮይዝም ከተገኘ ከሁሉም ግልጹ ነው፦ 221 ናኖ ሜትር ላይ ወደ ላይ፣ 197 ላይ ወደ ታች። በአልትራቫዮሌት 230 አካባቢ ከፍታ፣ 280 ላይ ደግሞ ዝቅታ ይጠበቃል፤ አሴቲክ አሲዱ ራሱ 230 አካባቢ ብርሃን ስለሚይዝ ማነጻጸሪያው በትክክል ያው አሲድ ይሁን።

ገንዘብ ለሌለው ላቦራቶሪ የምመክረው የቪስኮሲቲ (የፈሳሽ ውፍረት) ምርመራን ነው። አንድ የመስታወት ኦስትዋልድ ቪስኮሜትርና የውሃ ባኞ ይበቃሉ። ኮላጅኑን በ0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ አቅጥናችሁ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ በየ3 ዲግሪው፣ በእያንዳንዱ ላይ 30 ደቂቃ አቆይታችሁ የሚወርድበትን ሰከንድ መዝግቡ። እውነተኛ ኮላጅን ከሆነ መስመሩ 30ን አለፍ ሲል እንደ ገደል ይወርዳል። ጀላቲን ገደል የለውም፤ ቀስ እያለ ብቻ ይወርዳል። ይህ አንድ ግራፍ ከብዙ ውድ ምስል የበለጠ ይናገራል።

መጠኑን በሃይድሮክሲፕሮሊን ስትለኩ (በ6 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 110 ዲግሪ ለ24 ሰዓት፣ ከዚያ በክሎራሚን-ቲና በኤርሊክ መለያ 560 ናኖ ሜትር አካባቢ) ሃይድሮክሲፕሮሊኑን ወደ ኮላጅን ክብደት የሚቀይረውን ማባዣ ከሥጋ ጥናት አትቅዱ። ለአጥቢ እንስሳት የሚሠራው 7.46 ነው። ቆሮሶ ከ1,000 አሚኖ አሲድ 80 ገደማ ሃይድሮክሲፕሮሊን ስላለው ማባዣው 8.7 አካባቢ ይመጣል፤ የድሮውን ከተጠቀማችሁ ኮላጅናችሁን በ14 በመቶ ያህል ታሳንሱታላችሁ። በናይትሮጅን ለሚሠራውም እንዲሁ ነው፣ ለጀላቲን 5.55 እንጂ የተለመደው 6.25 አይደለም።

ለማን የትኛው?

ለመመረቂያ ጽሑፍ ሦስት ወር ያለው ተማሪ፦ አማራጭ 1፣ በቆሮሶ፣ በ100 ግራም ቆዳ ሦስት ድግግሞሽ። የኢንፍራሬድ፣ የጄልና የቪስኮሲቲ ምርመራ። ፔፕሲን የሚጨመረው ጊዜ ከተረፈ ብቻ ነው።

ፍሪጅ እንጂ ፍሪዝ ድራየርና ጠንካራ ሴንትሪፊውጅ የሌለው ላቦራቶሪ፦ ስስ ሽፋን በማድረቅ አማራጭ 1ን መሥራት ይችላል። ፈሳሹ እንዲጠራ ሴንትሪፊውጁን ለአንድ ሰዓት ማቆየትና በሻሽ ደጋግሞ ማጥለል ያግዛል።

አነስተኛ ካፒታል ያለው ማኅበር፦ አማራጭ 3። ድስት፣ ቴርሞሜትር፣ ሻሽና ማድረቂያ ትሪ ይዞ ይጀመራል። ለምግብነት ከመሸጡ በፊት የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ማሟላት አለበት። ፔፕታይድ ለመሸጥ የሚያስብም ከጀላቲን ይጀምር፤ ቆዳ አሰባሰቡና ሽታ ማጥፋቱ ሲሠለጥን ኢንዛይሙን መጨመር ይቻላል።

ለቁስል መሸፈኛ ወይም ለሕክምና የሚያስብ፦ ግምዱ ያለው ኮላጅን ግድ ነው፣ ስለዚህ አማራጭ 1 ወይም ከከብት በተገኘ ፔፕሲን አማራጭ 2። ከዚያ በኋላ ግን ከባክቴሪያ የሚመጣውን ኢንዶቶክሲን መለካትና በሙቀት ያልሆነ ማምከን ያስፈልጋል፤ በአውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ዕቃ) 121 ዲግሪ የገባ ኮላጅን የሚወጣው ጀላቲን ሆኖ ነው።